የሸክላው ጦርነት ምርኮኞች

የጃፓን ጥንታዊ መዲና በነበረችው በኪዮቶ፣ ዳይቶኩጂ በተባለው ታላቅ የዜን ቡድሂዝም ገዳም ቅጥር ውስጥ፣ ኮሆአን የምትባል አነስተኛ ቤተ መቅደስ አለች። በዚህች ቤተ መቅደስ በሐር ተጠቅልሎ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገቡ የእንጨት ሣጥኖች ተደራርቦ የሚጠበቅ አንድ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ይገኛል። ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የአፉ ስፋት ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መልኩ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ቡኒ ሲሆን ልባሱ በጥቃቅን ስንጥቆች የተሞላ ነው፤ ቅርጹ ጥቂት ተዛንፏል፤ ከእግሩ አካባቢ ልባሱ ተሰብስቦ እንደ ጠል ጠብታ ረግቷል። ያለ ማብራሪያ በገበያ ላይ ቢቀመጥ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ብዙ አይሆንም። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ የጃፓን መንግሥት በብሔራዊ ቅርስነት ከመዘገባቸው ስምንት የሻይ ሳህኖች አንዱ ነው። ከስምንቱ መካከል ከኮሪያ የመጣውም እርሱ ብቻ ነው።

ሳህኑ «ኪዛኤሞን ኢዶ» ተብሎ ይጠራል። «ኢዶ» የዕቃው ዓይነት መለያ ሲሆን «ኪዛኤሞን» ደግሞ በአንድ ወቅት የሳህኑ ባለቤት የነበረ የኦሳካ ነጋዴ ስም ነው። ታሪኩ እንደሚተርከው ነጋዴው ሀብቱ ተሟጥጦ ለድህነት ሲዳረግ እንኳ ሳህኑን አልሸጠም፤ በመጨረሻም ሰውነቱን እባጭ ወርሶት ሞተ። ከዚያ ወዲህ «ይህን ሳህን የያዘ ሰው እባጭ ይይዘዋል» የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ያልበገረው የማትሱዔ ግዛት መስፍን ማትሱዳይራ ፉማይ በ550 ሪዮ ወርቅ ገዛው። መስፍኑ እ.ኤ.አ. በ1818 ከሞተ በኋላ ሳህኑ ለኮሆአን ተሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ የገዛው፣ የሸጠው፣ የታመመበትና ለቤተ መቅደስ የሰጠው ሁሉ በስም ይታወቃል። በ16ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ኮሪያ ልሳነ ምድር ጭቃውን አቡክቶ ያበጀው ሰው ማን እንደ ነበር ግን የጻፈ የለም።

ይህ ስም ማጣት ከአንድ ሳህን የሚያልፍ ታሪክ አለው።

በጃፓን ሻይ የመጠጣት ሥርዓት መጀመሪያ የቻይና ዕቃ አምላኪ ነበር። የ15ኛው መቶ ዘመን ባላባቶች እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳዩት ከቻይና የመጣውን ጥቁርና አንጸባራቂ ሳህን፣ ወይም እንደ ከበረ ድንጋይ የሚያበራውን አረንጓዴ ሴላዶን ነበር። ሙራታ ጁኮ (1423–1502) እና ከእርሱ በኋላ የተነሣው ታኬኖ ጆኦ (1502–1555) ይህን ልማድ ቀስ በቀስ ለወጡት። ትንሽና ጨለምለም ያለ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ያልተወለወለ እንጨት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሻለ የመንፈስ ዕረፍት ይሰጣል ብለው አስተማሩ። ጃፓናውያን «ዋቢ» የሚሉት ይህ የውበት አስተሳሰብ በሳካዩ ሰው በሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591) ዘመን ከከፍተኛው ደረጃ ደረሰ። በሪኪዩ እጅ የሻይ ክፍሉ ከሁለት የወለል ምንጣፍ ስፋት እስከማይበልጥ ድረስ ጠበበ፤ የመግቢያው በር ዝቅ ከማለቱ የተነሣ መስፍንም ቢሆን ጎንበስ ብሎ፣ ሰይፉን ውጭ ትቶ ነበር የሚገባው።

ለዚህ ክፍል ከኮሪያ የሚመጣው ቀላል ሳህን የተስማማ ሆኖ ተገኘ። በነጋዴዎች እጅ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ይህ ሻካራ ዕቃ በራሱ አገር የዕለት ምግብ ይቀርብበት እንደ ነበር ሲነገር ቆይቷል፤ አንዳንድ የዘመናችን ኮሪያውያን ደግሞ ለአባቶች መታሰቢያ ሥርዓት የሚያገለግል ንዋይ ነበር ብለው ይከራከራሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ጃፓናውያኑ የሻይ መምህራን ሠሪው ያላሰበውን አገልግሎት ሰጡት። የሪኪዩ ደቀ መዝሙር ያማኖዌ ሶጂ በ1588 በጻፈው የሻይ መዝገብ የቻይና ሳህን ተወዳጅነቱ ማለፉንና ኢዶው ከሁሉ በላይ መሆኑን አስፍሯል። ዋጋውም ናረ። አንድ ሳህን ለጀግንነት ሽልማት፣ ለእርቅ ማሠሪያ፣ ለሹመት ምልክት ሊሰጥ የሚችል ዕቃ ሆነ።

ጃፓንን በአንድ ሥልጣን ሥር ያጠቃለለው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የዚህ ሥርዓት ታላቅ ወዳጅ ነበር። ሪኪዩን የሻይ መምህሩ አድርጎ አቅርቦት ነበር፤ በ1591 ግን በገዛ እጁ እንዲሞት ፈረደበት። ሂዴዮሺ ውስጡና ዕቃው በወርቅ የተለበጠ፣ ተፈታትቶ የሚጓዝ የሻይ ክፍል አሠርቶ ነበርና፣ በ1592 ኮሪያን ለመውረር በኪዩሹ ደሴት በናጎያ ምሽግ ጦሩን ሲያሰልፍ ያንኑ የወርቅ ክፍል ይዞ ሄደ። ትሕትናን ሊያስተምር የታሰበው ሥርዓት ከወራሪው ጓዝ ጋር ተጫነ።

በዚያው ዓመት ከ150,000 በላይ የጃፓን ወታደር ቡሳን ላይ ወረደ። የሂዴዮሺ ግብ ቻይናን መያዝ ነበርና ኮሪያ መሻገሪያ መንገድ ብቻ ነበረች። የቻይናው ሚንግ መንግሥት ጦር ወደ ኮሪያ ገባ፤ የኮሪያው የባሕር አዛዥ ዪ ሱን-ሺን የወራሪውን መርከቦች ሰባበረ፤ ድርድር ተጀምሮ ከሸፈ፤ በ1597 ሁለተኛው ወረራ ተከተለ። ሂዴዮሺ በ1598 ሲሞት ጦሩ ተመለሰ። ከመሬት አንፃር ጃፓን አንዲት ጋት አላገኘችም። ወታደሮቹ የግዳይ ማረጋገጫ አድርገው በጨው የላኩት የሰው አፍንጫና ጆሮ የተቀበረበት ኮረብታ በኪዮቶ እስከ ዛሬ አለ፤ ከ38,000 ያላነሰ ሰው ዕጣ በዚያ ተከማችቷል።

ሁለተኛው ወረራ በተለይ ሰው የማፈስ ዘመቻ ነበር። ጦሩን በሐኪምነት የተከተለው ኬይኔን የተባለ የቡድሂስት መነኩሴ በዕለት ማስታወሻው ያየውን መዝግቧል፤ የሰው ነጋዴዎች ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይለዩ ምርኮኞችን እየገዙ፣ አንገታቸውን በገመድ እያሠሩ፣ መራመድ ያቃተውን ከኋላ በዱላ እየነዱ ይወስዱ ነበር። የተወሰዱት ስንት እንደ ሆኑ የታሪክ ሊቃውንት ግምት ይለያያል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መሆናቸው ግን አያከራክርም። ብዙዎቹ በእርሻ ባርነት ቀሩ፤ ሌሎች በናጋሳኪ በኩል ለፖርቱጋል ነጋዴዎች ተሸጡ። ሂዴዮሺ ከምርኮኞቹ መካከል የእጅ ሙያ ያላቸው ተለይተው እንዲላኩ አዝዞ ስለ ነበር የምዕራብ ጃፓን መሳፍንት እርስ በርስ እየተሽቀዳደሙ ሸክላ ሠሪዎችን ሰበሰቡ። የሳትሱማው ሺማዙ፣ የሳጋው ናቤሺማ፣ የቾሹው ሞሪ፣ የኩሮዳና የሆሶካዋ ቤቶች ሁሉ ከድርሻቸው አልቀሩም። ዛሬ ጃፓን የምትኮራባቸው የሐጊ፣ የታካቶሪ፣ የአጋኖ፣ የሳትሱማና የአሪታ ሸክላዎች የተወለዱት ከዚያ ነው። ጦርነቱ በጃፓን ቋንቋ «የሸክላ ጦርነት» የሚል ቅጽል ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚጎረብጥ እውነት አለ። በኮሪያው በጆሶን መንግሥት ሥርዓት ሸክላ ሠሪ ከዝቅተኛው የኅብረተሰብ ክፍል ይቆጠር ነበር። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ በግዴታ የሚተላለፍ፣ ሠሪው በዕቃው ላይ ስሙን የማያኖርበት ነበር። የሸክላ ሠሪ ንቀት ምን እንደሚመስል የአማርኛ አንባቢ ከሩቅ መፈለግ አያሻውም። በጃፓን ግን ከእነዚህ ምርኮኞች አንዳንዶቹ መሬት፣ ቀለብና የሳሙራይ ማዕረግ ተሰጣቸው። ከጦርነቱ በኋላ የኮሪያ መንግሥት በ1607፣ በ1617 እና በ1624 ምርኮኞችን የሚያስመልሱ መልእክተኞች ሲልክ፣ የመጀመሪያው ቡድን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ይዞ ተመለሰ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ግን በአብዛኛው አልተመለሱም። መሳፍንቱ ደብቀዋቸው ሊሆን ይችላል፤ በአገራቸው የሚጠብቃቸውን ኑሮ አስታውሰው የቀሩም ይኖራሉ። ይህን ይዘው «ምርኮው ለእነርሱ በጃቸው» የሚሉ ጸሐፊዎች አልጠፉም። በገመድ ታስሮ የተወሰደን ሰው በኋላ ስለ በላው እንጀራ ባለ ዕድል ብሎ መጥራት ግን ለወሳጁ መከራከር ነው።

ከምርኮኞቹ ሁሉ ዝናው የገነነው ናቤሺማዎች የወሰዱት ዪ ሳም-ፕዮንግ ነው። እንደሚተረከው ይህ ሰው ትክክለኛውን አፈር ፍለጋ ለዓመታት ሲዞር ቆይቶ፣ በ1616 በአሪታ አጠገብ ኢዙሚያማ በተባለ ተራራ የፖርሴሊን ድንጋይ አገኘ። እስከዚያ ድረስ ጃፓን ሸክላ እንጂ ፖርሴሊን መሥራት አትችልም ነበር። የአሪታ ሰዎች ሦስት መቶኛውን ዓመት ሲያከብሩ በ1917 ከከተማዋ በላይ ሐውልት አቆሙለት፤ በቤተ አምልኳቸውም እንደ ጠባቂ መንፈስ ይታሰባል። ስሙ ግን ይህ ነበር ለማለት ያስቸግራል። የዘመኑ ሰነዶች «ካናጋኤ ሳንቤ» በሚል የጃፓን ስም ነው የሚያውቁት፤ «ሳም-ፕዮንግ» ብዙ ቆይቶ ከጃፓንኛው ወደ ኋላ ተሰልቶ የተሰጠ ነው። በዚያው በአሪታ የምትታሰበው ሌላዋ የሸክላ እናት ዕጣም ከዚህ አይሻልም። ባለቤታቸው ሲሞቱ በትውፊቱ 906 የሚደርሱ ወገኖቻቸውን እየመሩ ወደ አሪታ የፈለሱት እኒህ ሴት በ1656 በ96 ዓመታቸው አረፉ፤ የልጅ ልጃቸው ልጅ በ1705 የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመላቸው። «ቤክ ፓ-ሶን» የሚለው መጠሪያቸው መቶ ዓመት የደረሱ የተከበሩ አሮጊት እንደ ማለት ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አልተገኘም።

የአሪታ ነጭ ዕቃ ብዙም ሳይቆይ ዓለምን አዳረሰ። ናቤሺማዎች በ1637 የተራራው እንጨት እንዳያልቅ በሚል ምክንያት 826 ጃፓናውያን ሸክላ ሠሪዎችን ከአካባቢው አስወጥተው ሥራውን በአብዛኛው ለኮሪያውያኑ ቤተሰቦች አስቀሩ። በ1644 በቻይና የሚንግ መንግሥት ሲወድቅ የጂንግዴዠን እቶኖች ታወኩና የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ፊቱን ወደ አሪታ አዞረ። ኩባንያው በ1659 ከ50,000 በላይ ዕቃ በአንድ ጊዜ አዘዘ። በዚያ ዘመን ከአሪታ ተሠርተው በኢማሪ ወደብ ከተጫኑት ዕቃዎች ከፊሉ ወደ አውሮፓ ሲሄድ ከፊሉ በቀይ ባሕር ዳርቻ ለምትገኘው ለሞካ የተላከ ነበር፤ የየመን ቡና ነጋዴዎች ትንንሽ ስኒዎችን አጥብቀው ይፈልጉ ነበርና። ዛሬም በአፍሪካ ቀንድ ቡና የሚቀዳበት ዕቃ «ሲኒ» ይባላል፤ ቃሉ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። እንግዲህ በቀይ ባሕር ገበያ «የቻይና» ተብሎ ከተሸጠው ስኒ ውስጥ በጃፓን መሬት የኮሪያ ምርኮኛ ልጆች ያበጁት አይጠፋም ነበር።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳትሱማ የሄዱት ሰዎች ታሪክ ሌላ መልክ ነበረው። መስፍኑ ሺማዙ ዮሺሂሮ በ1598 ሲመለስ 80 ያህል ኮሪያውያንን ይዞ መጣ። ከእነርሱ አንዱ በናምዎን ከተማ ከበባ ጊዜ የተያዘው ሺም ዳንግ-ጊል ነበር። እነዚህ ሰዎች ቆይተው ናኤሺሮጋዋ በተባለ መንደር ሰፈሩ፤ ቦታው ዛሬ ሚያማ ይባላል። ሌሎች መሳፍንት ምርኮኞቹን ጃፓናዊ ሲያደርጉ የሳትሱማው ቤት ተቃራኒውን መረጠ። የኮሪያ ስማቸውን፣ ልብሳቸውንና ቋንቋቸውን እንዲጠብቁ አዘዘ፤ ከመንደሩ ውጭ ከሚኖሩት ጋር መጋባትም ከለከለ። መስፍኑ ወደ ኤዶ ሲያልፍ የመንደሩ ሰዎች በኮሪያ ልብስ እየዘፈኑ ይቀበሉት ነበር። ማንነትን መጠበቅ በፈቃድ ሲሆን ክብር ነው፤ ይህ ግን መስፍኑ ለእንግዶቹ የሚያሳየው ብርቅ ነገር ነበር። ያም ሆኖ መንደርተኞቹ የታዘዙትን የራሳቸው አደረጉት። በመንደራቸው ኮረብታ ላይ የኮሪያ ሕዝብ አባት ነው ለሚባለው ለዳንጉን ቤተ አምልኮ ሠርተው ለዘመናት በኮሪያ ቋንቋ መዝሙር አቀረቡ።

የሺም ቤተሰብ ከጠበቃቸው ዕቃዎች መካከል ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው የመጀመሪያው አባት ሥራ የሚባለው ነጭ ሳህን ነው። ዓይነቱ «ሂባካሪ» ይባላል፤ «እሳቱ ብቻ» ማለት ነው። አፈሩ ከኮሪያ የመጣ፣ ልባሱ ከኮሪያ የመጣ፣ የሠሩት እጆችም የኮሪያ ሲሆኑ የጃፓን የነበረው የተቃጠለበት እሳት ብቻ ነው።

በ1871 የመሳፍንቱ ሥርዓት ሲፈርስ የመንደሩ ሰዎች ማዕረጋቸውንና ቀለባቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። አሥራ ሁለተኛው የሺም ቤት ወራሽ፣ በጃፓንኛ አጠራር ቺን ጁካን፣ በ1873 በቪየና የዓለም ትርኢት ባቀረበው ሥራ የሳትሱማን ስም በአውሮፓ አስጠራ፤ ከእርሱ ወዲህ የቤቱ ወራሾች ሁሉ ይህንኑ ስም ይወርሳሉ። ሌሎች ግን ስማቸውን መተው ነበረባቸው። በ1882 ከዚህ መንደር የፓክ ቤተሰብ የተወለደ አንድ ሕፃን ገና በአራት ዓመቱ አባቱ የሳሙራይ ቤተሰብ ስም በገንዘብ ገዛለት፤ «ቶጎ» ተባለ። ይህ ቶጎ ሺጌኖሪ አድጎ ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን ስትመታ፣ እንደ ገናም በ1945 እጅ ስትሰጥ የአገሪቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። የቶኪዮ ፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ፈርዶበት በ1950 በእስር ላይ ሳለ ሞተ።

ጃፓን ኮሪያን በ1910 በቅኝ ግዛትነት ከጠቀለለች በኋላ የድሮው የሸክላ ፍቅር ተመልሶ መጣ። ወጣቱ ፈላስፋ ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961) በ1914 አንድ ጃፓናዊ መምህር ለጉብኝት ይዞለት በመጣው የጆሶን ዘመን ነጭ ማሰሮ ተማርኮ በ1916 ወደ ኮሪያ ሄደ። በ1919 የኮሪያ ሕዝብ ለነፃነት ሲነሣና በጥይት ሲመለስ በጃፓን ጋዜጣ ላይ ለኮሪያውያኑ ጠበቃ ሆኖ ከጻፉት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በ1922 ቅኝ ገዥው በሴኡል የቤተ መንግሥቱን ታላቅ በር ጓንግሁዋሙንን ሊያፈርስ ሲነሣ የያናጊ የተቃውሞ ጽሑፍ ትልቅ ድምፅ አገኘ፤ በሩም ከመፍረስ ድኖ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። (የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቆች በተዋጉበት በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ፣ በ2010 በቀድሞ ቦታው በእንጨት እንደ ገና ተሠራ።) በ1924 ያናጊና ወዳጆቹ በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ የኮሪያ ሕዝብ ጥበብ ሙዚየም ከፈቱ።

ኪዛኤሞን ኢዶን ያናጊ በኮሆአን በ1931 አየው፤ ሣጥኑ አንድ በአንድ ሲከፈት ቆይቶ ሳህኑ ሲወጣ ተራነቱ አስገረመው። ይህ ተራነት የትምህርቱ ማዕከል ሆነ። ሠሪው ድኻና ያልተማረ ስለ ነበር፣ ስለ ውበት ፈጽሞ ስላላሰበ፣ በልማድ እጁን ብቻ ስለ ተከተለ ነው ሳህኑ ያማረው አለ። በ1936 በቶኪዮ የተከፈተው የሕዝብ ጥበብ ሙዚየምና መላው የ«ሚንጌ» እንቅስቃሴ በዚህ እምነት ላይ ቆሙ። ኮሪያውያን ሐያስያን ከጊዜ በኋላ ያናጊን አጥብቀው ነቀፉት፤ የአገራቸውን ጥበብ «የሐዘን ውበት» ብሎ መፈረጁ የቅኝ ገዥ ዓይን ነው አሉ። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በበኩሉ በ1984 ከሞተ በኋላ የባህል ኒሻን ሸለመው። ሁለቱም ውሳኔ ምክንያት አለው። ስም የለሽነትን ያወደሰበት ትምህርቱ ግን ሊጠየቅ ይገባል። ሸክላ ሠሪው ስለ ውበት አላሰበም ለማለት ምን ያስብ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በኖረበት ዘመን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። አፈሩን መርጦ፣ ልባሱን መጥኖ፣ የእሳቱን መጠን በዓይኑ ለይቶ ያወቀ ሰው ስሙ ባለመጻፉ ብቻ ሐሳብ የለሽ ሊባል አይችልም። ቤክ ፓ-ሶን 906 ሰው መርተው ወደ ተሻለ አፈር ሲፈልሱ በልማድ ብቻ የተጓዙ አይመስልም።

የናኤሺሮጋዋው ቤት አሥራ አራተኛ ወራሽ ቺን ጁካን በ1926 ተወልደው፣ በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1964 ስሙን ወረሱ፤ በ2019 አርፈዋል። አባቶቻቸው ወደ ጃፓን የመጡበት አራት መቶኛ ዓመት በ1998 ሲከበር በሴኡል የቤተሰቡን ሥራዎች የሚያሳይ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ። ከዚያም ሺም ዳንግ-ጊል ከተወሰደባት ከናምዎን ከተማ እሳት ተለኩሶ፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ ሚያማ ደረሰና እቶናቸው በእርሱ ተቀጣጠለ። በዚያ ዓመት የተሠራው ሳህን አፈሩ የጃፓን፣ ልባሱ የጃፓን ነበር፤ እሳቱ ብቻ የኮሪያ።